ስድስት ወር የተባለው ማዳበሪያ ድሬዳዋ ላይ ስንት ወር ይቆያል?

ለጌጥ አበባ የሚሸጡ፣ በዝግታ የሚለቁ ማዳበሪያዎች ማሸጊያ ላይ ሁልጊዜ የወር ቁጥር አለ። «ከ3 እስከ 4 ወር»፣ «ከ5 እስከ 6 ወር»፣ «ከ8 እስከ 9 ወር» ይላል። ገዢው ይህን አንብቦ ማዳበሪያውን ኦርኪድ አበባው ሥር ይበትንና የሚቀጥለውን ቀን በቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት ያደርጋል። ከወሩ ጎን ግን፣ ብዙ ጊዜ በደቃቅ ፊደል፣ ሌላ ቁጥር ተጽፏል፦ 21 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ። አንዳንዱ ላይ 25 ነው። ወሩ የሚቆጠረው በዚያ ሙቀት ነው። አማካይ ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ በሆነው ሐረር የሚኖር ሰው ደቃቁን ጽሑፍ ባያነበውም ብዙ አይጎዳም። የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ድሬዳዋ የገባ ሰው ግን ካላነበበው ተክሉን ሊያጣ ይችላል።

በተለይ ደግሞ ኦርኪዱ የተተከለው ከታች ውሃ በሚቋጥር ዕቃ ውስጥ፣ በሸክላ ጠጠር ከሆነ። ይህን አተካከል ከፊል ሃይድሮፖኒክስ ይሉታል። ለድሬዳዋ ደረቅ አየር ከሚታወቁት አተካከሎች ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዛፍ ቅርፊት የተተከለ ኦርኪድ ከዚራ ሰፈር በሚገኝ በረንዳ ላይ በግንቦት ከሰዓት በኋላ ምን ያህል እንደሚደርቅ ያየ ሰው የሚከራከረኝ አይመስለኝም። ታዲያ ሁለቱ መልካም ነገሮች፣ ውሃ የሚቋጥረው ዕቃና በዝግታ የሚለቀው ማዳበሪያ፣ ሲገናኙ በመመሪያው መሠረት መሄድ ሥር ያቃጥላል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሁለቱን ለየብቻ ማየት ይበጃል።

ዕቃው

ተራ የአበባ ዕቃ ከታች ቀዳዳ አለው፤ የተትረፈረፈ ውሃ በዚያ ይወጣል። የከፊል ሃይድሮፖኒክስ ዕቃ ከታች ድፍን ነው። ቀዳዳዎቹ በጎኑ ላይ፣ ከመቀመጫው 2 ተኩል ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው ይበሳሉ፤ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ይበቃል። ውሃ ከላይ ሲፈስ እስከ ቀዳዳው ይሞላል፣ ከዚያ በላይ ያለው በጎን ይወጣል። ከቀዳዳው በታች የቀረው ውሃ የዕቃው ቋት ይሆናል። የሸክላው ጠጠር እርስ በርሱ እየተነካካ ውሃውን ከቋቱ ሽቅብ ይስባል፤ ኩራዝ ውስጥ ክሩን ተከትሎ ጋዙ እንደሚወጣው ማለት ነው። በጠጠሮቹ መካከል ያለው ክፍተት አየር ስለሚይዝ ሥሩ እርጥበትና አየር በአንድ ላይ ያገኛል።

ለዚህ የሚያገለግለው ጠጠር በከፍተኛ ሙቀት ምድጃ ውስጥ ተጠብሶ የተነፋ፣ ቀላልና ቀዳዳማ ሸክላ ነው። እሱ ካልተገኘ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ሞልቶ የሚገኘው ቀይ ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይተካዋል፤ የአገራችን የአበባ እርሻዎችም ጽጌረዳ ያሳድጉበታል። የባቄላ ፍሬ ያህል የሆነውን በወንፊት መምረጥ፣ ዱቄቱን አጥቦ አጥቦ ማስወገድ፣ ከዚያም ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ማሳደር ያስፈልጋል። ዱቄቱ ካልታጠበ ታች ወርዶ ጭቃ ይሆንና አየሩን ይዘጋል።

ለማዳበሪያ ጉዳይ ዋናው ነገር ይህ ጠጠር ምግብ የማይዝ መሆኑ ነው። አፈርና ብስባሽ የማዳበሪያን ጨው በከፊል ይዘው ቀስ እያሉ ይሰጣሉ፤ አንድ ሰው እጁ ቢያዳልጠውና ቢያበዛ እንኳ አፈሩ ጥፋቱን ያለዝበዋል። ጠጠር እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም። የተጨመረው ጨው በሙሉ ውሃው ውስጥ ነው፤ ውሃው ደግሞ ሥሩን ከቦታል። ከዚህ ላይ የድሬዳዋ ደረቅ አየር አለ። ውሃው ሽቅብ ተስቦ ከጠጠሩ ገጽ ላይ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። ስለዚህ ቋቱ በጎደለ ቁጥር የቀረው ውሃ ጨውነቱ ይበረታል፣ የላይኛው ጠጠር ላይም ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። የኦርኪድ አዲስ ሥር የሚወጣው ደግሞ ከላይ፣ ከቅጠሉ ግርጌ፣ በዚያ በጋገረው ጨው መካከል ነው።

የኦርኪድ ሥር ለዚህ አልተፈጠረም። ብዙዎቹ ለሽያጭ የሚቀርቡ ኦርኪዶች፣ ፋሌኖፕሲስ የሚባለውን ጨምሮ፣ በተፈጥሮ ዛፍ ላይ ተጣብቀው የሚያድጉ ናቸው። ምግባቸው ከዝናብ ጋር በግንዱ ላይ የሚወርደው እዚህ ግባ የማይባል ማዕድን ነው። ሥራቸው ውሃን ቶሎ መጦ የሚይዝ ነጭ ሽፋን ለብሷል፤ ሲረጥብ አረንጓዴ ይሆናል። ይህ ሽፋን ጥቂት ጨው ብቻ በሟሟበት ውሃ ለመኖር የተሠራ ነው። (በአገራችን ደቡብ ምዕራብ ደኖችም ዛፍ ላይ የሚኖሩ የራሳችን ኦርኪዶች አሉ። ከጫካ ነቅሎ ማምጣት ግን አያዋጣም፤ አብዛኞቹ ከዛፋቸው ሲለዩ ይሞታሉ። መላው የኦርኪድ ቤተሰብም በዓለም አቀፉ የዱር ዝርያዎች ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው።)

እንክብሉ

በዝግታ የሚለቅ ማዳበሪያ ሲታይ ቢጫ፣ ቡኒ ወይም አረንጓዴ እንክብል ነው። ውስጡ ተራ የሚሟሟ የማዳበሪያ ጨው ነው፤ ልዩ የሚያደርገው ሽፋኑ ነው። በ1960ዎቹ በአሜሪካ ለገበያ የበቃው ኦስሞኮት ከአትክልት ዘይት በተሠራ ሙጫ መሰል ሽፋን ይለበጣል፤ የጃፓኑ ኑትሪኮት ደግሞ በፕላስቲክ። የውሃ እንፋሎት በሽፋኑ ዘልቆ ይገባል፤ ውስጥ ያለው ጨው ይሟሟል፤ የተሟሟው ጨው በሽፋኑ በኩል ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይሰርጋል። ይኸው ነው።

አሁን ፍጥነቱን የሚወስነው ምን እንደሆነ ልብ ይሏል። ተክሉ መራቡ አይደለም። ውሃ የማጠጣቱ ብዛትም እምብዛም አይደለም፤ እንክብሉ እርጥበት እስካለ ድረስ ይለቃል፣ በከፊል ሃይድሮፖኒክስ ዕቃ ውስጥ ደግሞ እርጥበት የማይኖርበት ሰዓት የለም። የሚወስነው ሙቀት ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር እንክብሉ የሚለቅበት ፍጥነት ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ገደማ ያድጋል። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ይደርሳል። ፀሐይ ያገኘው ጥቁር የላስቲክ ዕቃ ከአየሩም ይብሳል። በ21 ዲግሪ ከ5 እስከ 6 ወር የተባለው ማዳበሪያ በእነዚህ ወራት 3 ወር ገደማ ቢቆይ ጥሩ ነው።

«ታዲያ ቶሎ ካለቀ ቶሎ እጨምራለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ችግሩ መጨረሱ ላይ ሳይሆን በየቀኑ የሚወጣው መጠን ላይ ነው። በቁጥር እንየው። 14-14-14 የሚል ማዳበሪያ ከክብደቱ 14 በመቶው ናይትሮጅን ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ግራም ገደማ ይይዛል፤ በውስጡ 700 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን አለ ማለት ነው። ዕድሜው ከ3 እስከ 4 ወር ከሆነ፣ በ15 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 47 ሚሊ ግራም ገደማ ይወጣል። የዕቃው ቋት ሩብ ሊትር ቢይዝና ውሃው ለሳምንት ሳይለወጥ ቢቆይ፣ በሊትር ሲሰላ 187 ሚሊ ግራም ይሆናል። ለኦርኪድ በፈሳሽ የሚሰጠው የተለመደ መጠን በሊትር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ነው፤ ጠንቃቆቹ አሳዳጊዎች ከዚያም ያወርዱታል።

ይህ በ21 ዲግሪ ነው። ሙቀቱ ፍጥነቱን እጥፍ ካደረገው 187ቱ 373 ይሆናል። ባለቤቱ ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ቢሄድና የቤቱ ሰው «ቋቱ ውሃ አለው» ብሎ ቢተወው፣ በሊትር ከ1 ግራም ያልፋል፤ ያውም ናይትሮጅኑ ብቻ፣ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ሳይቆጠሩ፣ ውሃው በትነት መጉደሉም ሳይታሰብ። እርግጥ ተክሉ የድርሻውን ይወስዳል፣ ጠጠሩም የተወሰነ ውሃ ይይዛል፤ ስለዚህ ይህ የላይኛው ወሰን ነው። የላይኛው ወሰን ከሚፈለገው 10 እጥፍ ከሆነ ግን ግማሹም ቢደርስ ሥር ይገድላል።

ሙቀቱ በሌላ በኩልም ይጎዳል። ሞቃት ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ዝቅተኛ ነው። በባሕር ጠለል ላይ በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ 7 ተኩል ነው፤ ከፍታ ሲጨመርበት ከዚያም ያንሳል። ሥር ደግሞ በሙቀት ብዙ ይተነፍሳል። አየር የጎደለው ሥር ጨው ሲበዛበት የመከላከል አቅም አይኖረውም። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ማዳበሪያ መቀነስ እንኳን አይደለም፤ ዕቃውን ከፀሐይ ማውጣትና ነጭ ነገር ማልበስ ነው።

እንክብል ሁሉ እንክብል አይደለም

እዚህ ላይ ቆም ማለት የሚያስፈልገው ነገር አለ። በአገራችን «ማዳበሪያ» ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ለገበሬው ሲከፋፈል የኖረው ዩሪያና ኤንፒኤስ ነው። ሁለቱም ፍሬ ፍሬ ናቸው፤ ዓይን ብቻ ቢፈርድ ከኦስሞኮት ጋር ዘመድ ይመስላሉ። ነገር ግን ሽፋን የላቸውም፤ ውሃ ሲነካቸው በአንድ ጊዜ ይሟሟሉ። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ኤንፒኤስ ደግሞ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌት፣ 7 ድኝ ይዟል። ለስንዴና ለማሽላ ማሳ የተሠሩ ናቸው፤ ዩሪያው አፈር ውስጥ ባሉ ተሕዋስያን አማካይነት ወደ አሞኒያ፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይለወጣል። በጠጠር ውስጥ እነዚያ ተሕዋስያን ጥቂት ናቸው፤ ለውጡ ከመጣም ሞቃትና አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) በሆነ ውሃ ውስጥ አሞኒያው ሥርን ወደሚያቃጥለው መልኩ ያዘነብላል። የድሬዳዋ ውሃ ሁለቱንም ያሟላል። እንደ ቀልድ አንድ ፍሬ ዩሪያ ኦርኪድ ላይ ጣል ማድረግ የሚወድ ጎረቤት ካለ፣ በትሕትና ማዳበሪያውን ወደ ሎሚ ዛፉ እንዲመልስ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ፍግና ኮምፖስትም በዝግታ የሚለቁ ናቸው፤ ለጓሮም ወደር የላቸውም። ቋት ውስጥ ግን ይበሰብሳሉ፤ ሲበሰብሱ ያንኑ ጥቂት ኦክስጅን ይጨርሳሉ።

የከተማው ውሃ

ድሬዳዋ ውሃዋን የምታገኘው ከከርሰ ምድር ነው፤ የሳቢያን ጉድጓዶች የታወቁ ናቸው። ውሃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚያልፍ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ይዞ ይወጣል። ይህን ለማስረዳት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የማንኛውንም ቤት ማንቆርቆሪያ ውስጡን ማየት በቂ ነው። ሐረርም ብትሆን የሐሮማያ ሐይቅ በደረቀ ጊዜ ፊቷን ወደ ቆላው አዙራ፣ ከድሬዳዋ አካባቢ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ውሃ ሽቅብ እየተገፋ ይመጣላታል። ስለዚህ በዚህ ረገድ ሁለቱ ከተሞች ዘመዳሞች ናቸው።

የውሃው ጨውነት ሁለት ገጽ አለው። መልካሙ ገጽ ብዙዎቹ በዝግታ የሚለቁ ማዳበሪያዎች የሚጎድላቸውን ካልሲየም በነፃ መስጠቱ ነው። በዝናብ ውሃ ብቻ ኦርኪድ የሚያሳድግ ሰው ካልሲየምና ማግኒዚየም ከየት እንደሚያመጣ ማሰብ አለበት፤ የድሬዳዋ ሰው ቢያንስ በካልሲየሙ አይቸገርም። ክፉው ገጽ ባይካርቦኔቱ ነው። ቋቱን እያደር አልካላይን ያደርገዋል፤ አልካላይን በሆነ ውሃ ውስጥ ብረትና ማንጋኒዝ ለሥሩ አይገኙም። አዲሱ ቅጠል ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ ቢጫ ሲሆን ብዙ ሰው «ምግብ አነሰው» ብሎ ማዳበሪያ ይጨምራል። ብረቱ እኮ እዚያው ነው፤ የተዘጋው በሩ ነው። መጨመሩ ጨውን ብቻ ይጨምራል።

ውሃውን ለማሻሻል የሚቀለው መንገድ ማፍላት ነው። ሲፈላ ባይካርቦኔቱና አብሮት ያለው ካልሲየም በከፊል ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል፤ ካደረ በኋላ ከላይ ያለውን ቀስ ብሎ መቅዳት ይቻላል። ብዙ ዕቃ ላለው ሰው ይህ ከሰል ይፈጃል። የዝናብ ውሃ ይሻላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን፣ የመጀመሪያውን አቧራ አጥቦ ካለፈ በኋላ፣ በጄሪካን ማጠራቀም ነው። ግማሽ የዝናብ፣ ግማሽ የቧንቧ ተደርጎ ሲቀላቀል ካልሲየሙም አይጠፋም፣ ጨውም አይበዛም። ለእኔ ከሁሉም የሚመቸው ይህ ድብልቅ ነው።

ታዲያ እንዴት ይጨመር?

ሐቁን ለመናገር፣ በየሳምንቱ ቤቱ የሚገኝ ሰው በዝግታ የሚለቅ ማዳበሪያ አያስፈልገውም። ለቤት ውስጥ አበባ ተብሎ የሚሸጥ ሁሉንም ንጥረ ነገር የያዘ የሚሟሟ ማዳበሪያ፣ 20-20-20 ከሆነ በሊትር ሩብ ግራም፣ ቢበዛ ግማሽ ግራም አሟሙቶ ማጠጣት ይበቃዋል። ግማሽ ግራሙ በሊትር 100 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ይሰጣል። ከበዛ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀነሳል፤ ተክሉ ሲታመም ይቆማል። እንክብል ግን አንዴ ከተጀመረ «ቁም» አይባልም። እንክብል የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ ለሚጓዝ፣ መመዘን ለሚሰለቸው፣ ወይም ብዙ ዕቃ ላለው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በድሬዳዋ ሦስት ነገር ቢለውጥ ይበቃዋል።

መጀመሪያ መጠኑን። የላይኛውን ሒሳብ ወደ ኋላ ብንሄድበት፣ ሩብ ሊትር ቋት ላለው ዕቃ 1 ግራም፣ ማለትም የሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ፣ በ21 ዲግሪ በሳምንት ውሃውን በሊትር 37 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ያደርሰዋል፤ በግንቦት ሙቀት 75። ሁለቱም ኦርኪድ የሚችለው ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው የማንኪያ መጠን ለአፈር የተሰላ ስለሆነ ለዚህ ዕቃ አይሆንም።

ሁለተኛ ዕድሜውን። ሰው በልማድ የሚገዛው አጭሩን ነው፤ ርካሽም ይሆናል። ለሞቃት ከተማ የሚሻለው ረጅሙ፣ ከ8 እስከ 9 ወር ወይም ከዚያ በላይ የሚለው ነው። ሽፋኑ ወፍራም ስለሆነ በየቀኑ የሚያወጣው ያንሳል፤ ሙቀቱ ሲያፈጥነውም ለክፉ አይሰጥም። ማይክሮ ንጥረ ነገሮች (ተክል በጥቂቱ የሚፈልጋቸው)፣ በተለይ ብረት፣ የተጨመሩበት ቢሆን ይመረጣል፤ ጠጠሩ ከራሱ የሚያዋጣው የለምና።

ሦስተኛ ቦታውን። ብዙ መመሪያ «ከመትከያው ጋር ያዋህዱ» ይላል። በከፊል ሃይድሮፖኒክስ ይህ ሊደረግ የሚገባው አይደለም። የተዋሐደ እንክብል ወደ ቋቱ ይወርዳል፣ እዚያው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይለቃል፤ ተክሉ ቢታመም ከጠጠር መካከል ለቅሞ ማውጣት አይቻልም። የተሻለው ዘዴ እንክብሉን በቀጭን የናይሎን ካልሲ ቁራጭ ቋጥሮ፣ ከላይ፣ ከግንዱ ራቅ አድርጎ በዕቃው ጠርዝ ማስቀመጥ ነው። ውሃ ሲጠጣ በእሱ ላይ ያልፋል። ሙቀቱ ሲበረታ፣ ተክሉ ሲታመም ወይም ባለቤቱ ሲጓዝ ቋጠሮው ይነሳል። አሁን «ቁም» ማለት ተቻለ። ሲቋጠር እንክብሉን መጨፍለቅ አይገባም፤ ሽፋኑ የተሰነጠቀ እንክብል ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያወጣል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ማጠብ ነው፤ ይህን የሚዘነጋ ሰው የላይኛውን ሁሉ ቢያደርግ አይረዳውም። በየሳምንቱ ሲጠጣ ጥቂት ጨምሮ መተው አይበቃም። ውሃው ከላይ በብዛት፣ ዕቃው እስኪሞላ ድረስ ይፈሳል፤ በጎኑ ቀዳዳ ሲወርድ አሮጌውን ጨው ይዞ ይወጣል፣ ሲወርድም ንጹሕ አየር ወደ ጠጠሩ ይስባል። በወር አንዴ ደግሞ ያለ ማዳበሪያ፣ በተቻለ መጠን በዝናብ ውሃ፣ ለግማሽ ሰዓት ተሞልቶ ቆይቶ ዕቃው ዘንበል ተደርጎ ቋቱ በሙሉ ይደፋል። የውሃ እጥረት ባለበት ከተማ ይህ ብክነት ቢመስልም የሚወጣው ውሃ ለጓሮ ዛፍ ማዳበሪያ ነው፤ ፓፓያና ማንጎ አይጠየፉትም።

ጨው መብዛቱን ለማወቅ የውሃ ጨው መለኪያ ያለው ይለካል። የሌለው ከቋቱ አንድ ጠብታ፣ ከቧንቧው አንድ ጠብታ፣ ጥርት ባለ ጥቁር ሳህን ላይ ጎን ለጎን አድርጎ ያድርቅ። የቋቱ ክብ ከቧንቧው ጎልቶ ከነጣ ማጠቢያው ጊዜ አልፏል። የተክሉ ምልክት የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ የሥሩ ጫፍ ይጠቁራል፣ ከዚያ የቅጠሉ ጫፍ ይደርቃል፣ ቅጠሉም ውሃ ውስጥ ቆሞ የተጠማ ይመስል ይጨማደዳል። እውነትም ተጠምቷል፤ ጨው የበዛበት ውሃ ወደ ሥር አይገባም።

ማዳበሪያው ማለቁን በዓይን ማወቅ አይቻልም። ጨው ከወጣ በኋላ ሽፋኑ ክብ እንደሆነ ይቀራል፤ «ገና አለ» ያስብላል። አንዱን በጣት መጭመቅ ነው፦ ውሃ ብቻ ከወጣ ባዶ ነው፣ ጠጣር ጨው ካለ ገና አልጨረሰም። አሮጌው ሳያልቅ አዲስ መጨመር የተለመደ ስሕተት ነው፤ ቋጠሮው ለዚህም ይጠቅማል፣ አሮጌው ተጥሎ አዲሱ ይገባል።

ከቅርፊት ወደ ጠጠር ገና የተዛወረ ኦርኪድ ለጊዜው ምንም እንክብል አይሰጠው። በቅርፊት የለመደው አሮጌ ሥር በእርጥቡ ጠጠር ውስጥ በአብዛኛው ይሞታል፤ ተክሉን የሚይዘው አዲስ የሚወጣው ሥር ነው። እሱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር እስኪገባ መጠበቅ ነው።

ስለ አበባው

«አበባ የሚያስወጣ» የሚል፣ ፎስፈረሱ የበዛ ማዳበሪያ ገበያ ላይ አለ። ፋሌኖፕሲስን ለአበባ የሚቀሰቅሰው ቅዝቃዜ ነው። የቀኑ ሙቀት ከ26 ዲግሪ ገደማ በታች ሆኖ ለጥቂት ሳምንታት ሲቆይ የአበባው ግንድ ይወጣል፤ ከ28 ወይም 29 በላይ ከሆነ ቅጠል ብቻ ያበቅላል። ድሬዳዋ ላይ ይህ ዕድል ያለው በቀዝቃዛዎቹ ወራት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ በዚያ ጊዜ ዕቃውን ነፋስ ወደሚያገኝበት የሰሜን በረንዳ ማውጣት ፎስፈረስ ከመግዛት ይሻላል። ፎስፈረስ የተራበ ኦርኪድ አላየሁም፤ በፎስፈረስ ጨው የተቃጠለ ግን አይቻለሁ።

ሐረር ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ጀጎል ውስጥ በድንጋይ ግድግዳ የተከበበ ግቢ ጥላው ብዙ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ከ1,850 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነውና አበባው ያለ ልዩ ጥረት ይመጣል። የማሸጊያው ወርም ለእውነት ይቀርባል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ግን እንክብሉ ከተጻፈውም በላይ ዝግ ይላል፤ ተክሉም እንዲሁ ዝግ ስለሚል ሁለቱ ይስማማሉ፤ ለመካስ ተብሎ ማዳበሪያ መጨመር አያስፈልግም። 1 ተኩል ግራም ለሩብ ሊትር ቋት ለሐረር ይመቻል። ቋጠሮው ግን እዚያም ይደረግ፤ መጋቢት ላይ ሙቀቱ ሲነሳ፣ በብርዱ ወራት ያልወጣው ጨው ገና እንክብሉ ውስጥ ስላለ በፍጥነት መውጣት ይጀምራል፤ በዚያ ወር ሁለት ጊዜ ማጠብ ይበጃል።